ሸጋ ናት ያልኳት ማኪና

ነሐሴ 19

ይህ ደብተር የጉዞ መዝገብ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ማኪና ስነዳ ያደርኩበትን ከተማ፣ የፈነዳውን ጎማ፣ የጨመርኩትን ዘይት ስጽፍበት ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼም እጄ አልተወኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

ዛሬ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ማኪና ሊገዛ ነውና አዘዞ ድረስ ወሰደኝ። በቁስቋም ሰፈር እኔ አድማሴ ሳላያት ማኪና የሚገዛ ሰው የለም። ለመኩራራት አይደለም፣ እውነቱን ነው። ሥራዬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮፈኑን እዳስሳለሁ። ሞቃ ከጠበቀችኝ ወደ ቤቴ! ሞተር አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው፤ የማኪና ሕመም የሚታወቀው ጠዋት በብርዱ ስትነሣ ነው። ከዚያ በካልሲ የጠቀለልኳትን ማግኔት ገላዋ ላይ አስኬዳለሁ። ማግኔቷ አልይዝ ካለች ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለጥፏል፣ ማኪናዋ ተጋጭታለች ማለት ነው። የፍሬን መርገጫውን ጎማ አያለሁ፤ ቆጣሪው ትንሽ ኪሎሜትር እያሳየ መርገጫው እንደ አሮጊት ድድ ካለቀ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል። ምንጣፉን ገልጬ አሸታለሁ፤ ጎርፍ የገባባት ማኪና ሽታዋ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፌ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ከዚያ እጄን ኮፈኑ ላይ እጭንና ከሁለት አንዱን እናገራለሁ፤ «ሸጋ ናት»፣ አለዚያም «ትቅርብህ»። ሌላ ቃል የለኝም።

ለዲያቆኑ «ትቅርብህ» አልኩት። ግራ በሯ ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ነው። በክብር ምሳ ጋበዘኝ። ግን የዘመኑን ዲያቆን ምን ነካው? ቅዳሴ ላይ ይጮሃል፣ ሰው ሲያናግር ለጉንዳን የሚያወራ ይመስላል።

ነሐሴ 23

የቁስቋም ደወል ሌሊት ዛሬም አልተደወለም። ስንት ጊዜው! መሪጌታ ገብረ ኪዳንን መንገድ ላይ አገኘሁትና «ምነው፣ ደወሉን ሸጣችሁት እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁት። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ፈገግ አለ፤ የሆነ ነገር አጉረምርሞ ሄደ። አፍሮ ነው። ማፈር ሲያንሰው ነው።

ሬዲዮኑም ተበላሸ። የዛሬ ዘመን ዕቃ!

ነሐሴ 27

የትነበርሽ ዛሬ ከፊቴ ቁጭ ብላ ጉዳይ አለኝ አለች። አንድ ልጄ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሁለት ዓመት እኔው ጋ ናት። የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ አጥቶ ሲዘጋ ሠራተኛውን ሁሉ በተነ። እሷም ከሆቴሉ የደረሳትን ገንዘብ ይዛ፣ የሟች እናቷን የአንገት ወርቅም ሸጣ፣ ትንሽ ማኪና ልትገዛ ነው። ማራኪ የሚኖሩ አምስት አስተማሪዎች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንድታመላልስላቸው በወር ኮንትራት ተስማምተዋል። መንጃ ፈቃዱን ያወጣችው እኔው አስተምሬያት ነው።

«ሌላ የለኝም አባዬ» አለችኝ። «ይቺ ከከሸፈች መግቢያ የለኝም። አንተ ታይልኛለህ።»

ይህን ያለችው ሦስተኛ ጊዜ ሳስደግማት ነው። «ጮክ በይ! ባልሽ ምን ሰምቶ ይኑር!» አልኳት። ለቀልድ ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም። አልሳቀችም። እናቷም ቀልድ አይገባትም ነበር።

ጳጉሜን 2

ደላላው ሰውአገኝ መጥቶ ነበር። ነጭ ማኪና፣ ትንሽ፣ አራት በር። ባለቤቱ የጠዳ ነጋዴ። ከነገ ወዲያ ይዞ ይመጣል። ካቻቢቴዬን በነጭ ጋዝ ጠረግኋት።

ጳጉሜን 4

ገዛች። በዝርዝር ልጻፈው።

ከቤታችን ከፍ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ቆመን ጠበቅን። እኔ፣ የትነበርሽ፣ ሰውአገኝ፣ እንዲሁም አስናቀው። አስናቀው ድሮ የኔ ረዳት ነበር፤ ጎማ መፍታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን አዘዞ ጋራዥ አለው፣ ሰውም «መካኒክ» ይለዋል። በአጋጣሚ ሲያልፍ አየንና ቆመ። ነጋዴው ማኪናዋን ነድቶ መጣ።

ኮፈኗ ሞቃት ነበር። አዎ፣ ሕጌን አውቃለሁ። ግን ሰውየው ከጠዳ ነድቶ መጥቶ እንዴት ትቀዝቅዝ? በረዶ አልብሶ ያምጣት? ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሌላ ማኪና እስኪገኝ የማራኪ ሰዎች ሌላ ሹፌር ይይዛሉ። ስለዚህ አልተመለስኩም።

ማግኔቷ ሁሉም ቦታ ያዘች። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። መርገጫው ደህና ነው። ምንጣፉ አይሸትም። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አየሁት፤ ዘይቱ አዲስ ነው፣ ወፈር ይላል። በክረምት ወፈር ያለ ዘይት የሚያደርግ ሰው አለ። ከዚያ ካቻቢቴዬን አስደግፌ በቀኝ ጆሮዬ አዳመጥኩ። ግራውን ለዚህ ሥራ አልጠቀምበትም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት በኩል ነፋስ ሲመታው የኖረ ነው።

ዝም ያለ ሞተር ነው። እንዲህ ዝም ያለ ሞተር በዕድሜዬ አልገጠመኝም።

እጄን ኮፈኑ ላይ ስጭን መዳፌን አንድ ነገር ነዘር አደረገኝ። የራሴ እጅ ነው፤ ሰሞኑን ይንቀጠቀጣል። አስናቀው ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። ቅናት ነው፤ እሱን ሳይሆን እኔን ስለጠየቁ። የትነበርሽ እኔን እኔን ታያለች። ብዙ አየችኝ።

«ሸጋ ናት» አልኩ።

ቆይታ ቆይታ ቦርሳዋን ከፈተችና ቀብዱን ለነጋዴው ሰጠችው። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ስጨብጣት እጇ ቀዝቅዟል። ደስታ ነው አልኩ።

መስከረም 3

ማኪናዋን ቁስቋም ወስደን ጠበል አስረጨናት። ጎረቤቱ እልል አለ። አፉን የሚከፍተውንና እጁን የሚያማታውን አየሁ፤ ደስ ይላል።

መስከረም 24

ትምህርት ተከፈተ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች። አምስት ልጆች። አንዷ ኋላ ወንበር ላይ ታስታውካለች አሉ።

የትነበርሽ ዘይት ታበዛለች። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ስትጨምር አይቻታለሁ። «ማኪና ነው የምትነጂ ወይስ ወጥ ነው የምትሠሪ?» አልኳት። ዝም ብላ ክዳኑን ገጠመችው። ዝምታ የምትለው መልስ አላት፣ ከሷ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

መስከረም 29

የአንድ ዕድርተኛ ልቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከቀኝ በኩል ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በሙሉ ድምፅ ያወራሉ፤ ለለቀስተኛው እንኳ አያፍሩም። «ለክብራቸው ብሎ ይወስዳቸዋል እንጂ፣ በማግሥቱ ሌላ ጋ ወስዶ ነው የሚያስመረምረው» ይላል አንዱ። ሌላው ይስቃል። እኔ አጠገባቸው መሆኔን እያዩ ነው።

ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። የሆነ ምስኪን ሽማግሌ ይሆናል። ያሳዝናል። ሽማግሌ ሲደክመው ቤቱ መቀመጥ አለበት።

ጥቅምት 6

ማኪናዋ ቆመች። ማራኪ ዳገቱ ላይ፣ አራት ልጅ እንደጫነች። ጭስ፣ ጩኸት። ልጆቹ አለቀሱ፤ ወላጅ መጣ፤ ተማሪዎች ገፍተው ዳር አስያዙላት። ሁለት ቤተሰብ እዚያው መንገድ ላይ ኮንትራቱን ተወ።

እኔ በእግሬ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። «አነዳድሽ ነው!» አልኳት። «ሞተር አታከብሪም! ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ውርደት አላየሁም!» ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። እሷ ከልጆቹ ያንዷን ቦርሳ እንደያዘች አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቁመቷ አጠረብኝ።

ሲመሽ አሰብኩት። ቤት ሄጄ ብናገራት ምን ነበረ? ግን የተናገርኩት እውነት ነው። ሞተር አታከብርም።

ጥቅምት 7

በሥርዓቱ ልጻፈው።

አስናቀው ማኪናዋን ጎትቶ ጋራዡ አስገብቶ ሞተሩን ፈትቷል። ስደርስ ከሞተሩ ያወጣውን ብሮንዚን፣ ዘንጉን የሚያቅፈውን ስስ ብረት፣ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። አልቆ ቅጠል ሆኗል፤ ዘንጉም ተበልቷል።

«ይኼ የዛሬ አይደለም፣ አያ አድማሴ» አለኝ። «ስትገዛትም ታንኳኳ ነበር። ዘይት አወፍረው ሸፍነውት ነው እንጂ።»

«ያን ቀን ቆመህ አልነበረም? ምነው ዝም አልክ? ከማን ጋር ተሻርከህ ነው?» ብዬ ኮሌታውን ያዝኩት።

አልተቆጣም። ብትቆጣ ምን ነበረ አንተ ልጅ! ሠራተኞቹን አየት አደረገና ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጮኸ፤ መጮኹ ደግሞ ለጋራዡ ሁሉ ተሰማ። «አንቱ ሸጋ ናት ካሉ በኋላ፣ ያሳደጉኝ ሰው፣ እኔ ምን ልበል? በሰው ፊት አይሰሙም ልበል?»

«እሰማለሁ!»

«አይሰሙም። አራት ዓመት ሆነዎት። አንቱ ካዩ በኋላ ሰው ሁሉ ማኪናውን እኔ ጋ ያመጣል።»

«ማን? ማን ያመጣል?»

«ሁሉም። ዲያቆኑም አምጥቶ ነበር፣ አንቱ ትቅርብህ ያሉትን። ሰፈሩ ውስጥ ማኪና ገዝቶ ለርስዎ አለማሳየት ነውር ነው። ለክብርዎ ነው የሚወስዱዎት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ብሎ፣ እንደማልሰማ ትዝ አለውና መልሶ ጮኸ። «የትነበርሽን ግን ነግሬያት ነበር። የዚያኑ ዕለት ደውዬ፣ ገንዘቡን ሳትጨርሺ ነገ አምጫት፣ ቀብዱን አስመልስልሻለሁ አልኳት። አላመጣችም።»

በእግሬ ተመለስኩ። አራት ዓመት የጋበዙኝን ምሳ ሁሉ እያንዳንዱን አስታወስኩ። ያ ጥብስ። ያ ጠጅ። «አያ አድማሴ ይባርኩልን» ሲሉኝ የነበረው። ልቅሶ ድንኳን ውስጥ የሳቁበት ምስኪን ሽማግሌም እኔው ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼ ነው።

ጥቅምት 8

ትናንት ማታ ጠየቅኋት። እራት አቅርባ ልትቀመጥ ስትል፣ «አስናቀው ደውሎልሽ ነበር ወይ?» አልኳት።

አልካደችም። ከፊቴ ተቀመጠችና አፏን ከፍታ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር ተናገረች። «ከሱ በፊት ራሴ ሰምቼው ነበር፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«ኳኳታውን። ገና ሞተሩ ሲነሣ። ሰውአገኝም ሰምቷል፣ አስናቀውም ሰምቷል። ሁላችንም አንተን አየንህ። አንተ ካቻቢቴህን ጆሮህ ላይ አድርገህ ፈገግ ብለሃል። ሦስት ወንድ ቆሞ 'አባቴ አይሰማም' ልበል?»

«በማግሥቱስ? አስናቀው ጋ ለምን አልወሰድሻትም?»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርግብህን እኔም ላድርግብህ? አንተ ሸጋ ናት ብለህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ብመልሳት ምን ይሉሃል? ደግሞ ቀላል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዘይት እየጨመርኩ አንድ ዓመት ብታሠራኝ ብዬ።»

እግሯ ላይ ወድቄ ማልቀስ ነበረብኝ። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የመጣልኝ ሌላ ነው። እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ለመዋሸት ደብተር አያስፈልግም።

«ጅል!» አልኳት። «እናትሽ በወርቋ ድንጋይ ገዛችልሽ! ባልሽም የሄደው ይኼንኑ ዝምታሽን ፈርቶ ነው። ከሬሳ ጋር ማን ይኖራል?»

ሳህኑን አንሥታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ቁርሴ እንደ ወትሮው ተከድኖ ጠበቀኝ፤ በልቼውም ወጣሁ።

ጥቅምት 10

ሌሊት ተነሥቼ ቁስቋም ሄድኩ። ደወሉ ሥር ቆምኩ። ሰውየው ገመዱን ሲስብ፣ ሲለቅ፣ ሲስብ አየሁት።

ጥቅምት 19

ሦስቱ የቀሩት ቤተሰቦች እስከ ኅዳር አጋማሽ ሊታገሧት ተስማምተዋል። ልጆቹን በሚኒባስ ታመላልሳቸዋለች፤ ሁለቱን በእጇ ይዛ፣ አንዷን አቅፋ። ከታሪፉ የሚተርፋት የለም። ጫማዋ ተቀዷል።

እኔና እሷ «እንደምን አደርክ»፣ «እግዜር ይመስገን»፣ «ብላ»፣ «በቃኝ»። ሌላ የለም።

ጥቅምት 22

ሰውአገኝ መጣ። የትነበርሽ አለመኖሯን ካየ በኋላ በሩን ዘግቶ ጮኸልኝ። ጭልጋ የሚኖር እንግዳው የሚባል ገበሬ ለልጁ ትንሽ ማኪና ይፈልጋል። ሰውየው መካኒክ አያውቅም። «አያ አድማሴ አይተው ሸጋ ናት ካሉ፣ ሌላ አልፈልግም ብሏል። ስምዎት ጭልጋ ድረስ ነው!» አለኝ። ሰውአገኝ የሚያውቀው ሠራተኛ ማኪናዋን ከአስናቀው ጋራዥ ወስዶ ብሮንዚኑን በርካሽ ይቀይረዋል፤ ዘይት ያወፍረዋል፤ ለአንድ ወር አትጮኽም። ከዚያ በኋላ የሰውየው ጉዳይ ነው። ማኪናዋ የልጄ እንደሆነች አይነገረውም፣ እኔም ባዳ ሆኜ አያታለሁ።

«ውጣ ከቤቴ!» አልኩት። ወጣ። ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኔን ደግሞ ከነአጥሬ ነው የነቀነቀኝ።

ጥቅምት 24

ጫማዋን ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ አሰፋሁላት። እየሰፋ «ያባባ ልጅ ናት ያቺ ማኪናዋ የቆመችባት?» አለኝ። ይህንን ሰማሁ። መስማት የማልፈልገውን ሁሉ እሰማለሁ።

ጥቅምት 27

ለሰውአገኝ እሺ አልኩት።

ለልጄ ነው። ሰውየው ገበሬ ነው፣ መሬት አለው፣ ከብት አለው፤ እሷ ምን አላት? እኔንም አራት ዓመት ሲያታልሉኝ ማን አዘነልኝ? ስሜን ለከንቱ ሲሸከሙት ከኖሩ፣ አንድ ቀን ለልጄ ይሥራላት።

ለየትነበርሽ «ከጭልጋ የሚመጣው ገዢ ጉድለቷን ያውቃል፣ ሰውአገኝ ነግሮታል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው» አልኳት። ዓይኔን አየችና «እውነት አባዬ?» አለች። «እውነት» አልኩ። በስንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጥርሷ የናቷ ነው።

ኅዳር 6

የቁስቋም ማርያም ንግሥ። ሰፈሩ በሰው ተሞልቷል። እኔ ከቤት አልወጣሁም። ለጠየቁኝ እግሬን አሞኝ ነው አልኳቸው።

ኅዳር 8

የሆነው ይኸው ነው።

እንግዳው ጠዋት ከጭልጋ መጣ። ጋቢ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፤ ዳግማዊት የምትባል ልጁ ተከትላዋለች። ማራኪ ዩኒቨርሲቲው ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሥራ አላገኘችም። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። የገጠር ሰው እግዜር ይስጠው፣ ጮኾ ነው የሚናገር፤ ያለውን ሁሉ ሰማሁ።

«አያ አድማሴ! አንቱን በዓይኔ አየሁ! ሁለቱንም በሬዎቼንና የናቷን ላም ሸጬ ነው የመጣሁ፣ ለዚች ልጅ እንጀራ ትሁናት ብዬ። እኔ ማኪና አላውቅም። ሌላ ሰው አላመጣሁም፣ በአንቱ ላይ ሰው መጨመር ድፍረት ነው!»

የትነበርሽ ሊብሬውን ይዛ ከሰውአገኝ ኋላ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሆነ አላየሁም። አላየሁትም አልኩ እንጂ፣ ላለማየት ዞሬ ነው።

ኮፈኑ ሞቃት ነው። ማግኔቷን አስኬድኩ። ምንጣፉን ገለጥኩ። ሰውየው እየተከተለ «አየሽ ልጄ፣ እንዲህ ነው ሙያ!» ይላታል። ሰውአገኝ ሞተሩን አስነሣ። ካቻቢቴዬን አስደግፌ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ግን እጄን ኮፈኑ ላይ ስጭን ተሰማኝ፣ ያው ነዘር የሚያደርገው፣ ከመዳፌ እስከ ክርኔ። ብሮንዚኑን አበላሽተው ነው የገጠሙት። አንድ ወር አይደለም፣ ጭልጋ እንኳ አትደርስም። ይህን ያወቅሁት በእጄ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ፤ በጳጉሜንም እርግጠኛ መሆን እችል ነበር።

ሁሉም ይጠብቀኛል። ዳግማዊት እጆቿን አጣምራ ከንፈሬን ታያለች።

«ሸጋ ናት» አልኩ።

እንግዳው ወደ ሰማይ አይቶ አማተበ። ቋጠሮውን ሊፈታ ከጋቢው ሥር እጁን ሰደደ። ያኔ የትነበርሽ መጣች። ሰውአገኝ ክንዷን ሊይዝ ሲሞክር በክርኗ ገፋችው፤ ሞተሩን አጠፋችና ከኔና ከሰውየው መካከል ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

«አያ እንግዳው፣ አይግዙ! ማኪናዋ የኔ ናት። ሞተሯ አልቋል፣ ወፍራም ዘይት ተደርጎበት ነው የማይጮኸው። እሱ አባቴ ነው። ጆሮው አይሰማም። አራት ዓመት ሆኖታል፣ አይሰማም!»

አጥር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉ ሰሙ። እኔም ሰማሁ።

ሰውአገኝ ወዲያው ጠፋ። ዳግማዊት አባቷን እጁን ያዘችው። ካቻቢቴው አሁንም እጄ ላይ ነው፤ ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። «የትነበርሽ ጉድለቱን የሚያውቅ መስሏት ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁ» ማለት ነበረብኝ፣ እሷም የተንኮሉ ተካፋይ እንዳትመስል። አላልኩም። ልጄን ሁለተኛ ጊዜ በሰው ፊት ጥያት ቆምኩ።

እንግዳው ቋጠሮውን መልሶ አሰረ። ቀስ ብሎ ወደኔ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ያ ሁሉ ሲጮኽልኝ የነበረ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ። ዓይኔን እያየ፣ ሳይቸኩል ነው የተናገረው። አጥሩ ላይ ከነበሩት ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ልጁን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ማኪናዋን አስናቀው ጎትቶ ወሰዳት፤ ጉድለቷን ጽፎ በዕቃ ዋጋ ይሸጥላታል። የትነበርሽ ከሰኞ ጀምሮ የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ልትነዳ ነው። ሦስቱን ቤተሰቦች ደውላ አሰናብታለች።

ማታ እራቴን ስታቀርብልኝ ጠየቅኋት።

«ያ ሰውዬ ምን አለኝ?»

«ምንም አላለህም፣ አባዬ። ብላ።»

ከንፈሩ ግን ብዙ ተንቀሳቅሷል።